ማዕድ ዞራ የምታልፍ ራክሻ

የረመዳን የመጀመሪያ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት ሐጅ ኢክሪማ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ካለው ቤታቸው ወጥተው መንገዱ መሐል ቆሙ። በሁለት እጃቸው በሊላ የተሞላ ሰፊ ትሪ ይዘዋል። በሊላ የእኛው ንፍሮ ነው፤ ጨውና የሰሊጥ ዘይት ጣል ይደረግበታል። ከኋላቸው ብሪሽ የሚሉት ረዥም የዘንባባ ምንጣፍ ከግንቡ ጥግ እስከ መብራቱ ምሰሶ ድረስ ተነጥፏል።

የካርቱም ሰው በረመዳን ማዕዱን ቤት ውስጥ ደብቆ አይበላም። መንገድ ላይ ያወጣና አዛን ሊል ሲል አላፊ አግዳሚውን እጁን ይዞ ያስቀምጣል፤ መኪና ሲመጣም ፊቱ ቆሞ ከነተሳፋሪው ያስወርዳል። ጾመኛ ነህ ወይ፣ ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ የሚባል ነገር የለም። ሐጅ ኢክሪማ ደግሞ ቡሪ ውስጥ በዚህ የሚወዳደራቸው አልነበረም። አንድ ዓመት አንድ ሙሉ የእግር ኳስ ቡድን ከነአሰልጣኙ ከአውቶቡስ አስወርደዋል። ዳኛው ሌላ መኪና ውስጥ ነበር፤ እሱንም አልለቀቁትም። ጦርነቱ ሲመጣ ምንጣፉን ጠቅልለው ይዘው ወደ አትባራ ሄዱ። እዚያ ምንጣፉ በሰው ቤት ሦስት ረመዳን ከበር ጀርባ ቆሞ ከረመ። ዘንድሮ ቤታቸው ተመልሰው ዘረጉት።

የመጀመሪያዋ ራክሻ፣ የእኛዋ ባጃጅ፣ ከማዕዘኑ ብቅ ስትል ሐጅ ትሪውን ከፍ አድርገው ተጣሩ።

«ተፈደሉ! ውረዱ! ወላሂ ሳትበሉ አታልፉም!»

ባለ ሦስት እግሯ ራክሻ ፍጥነቷን ቀነሰች። አፍንጫዋን ወደ መሬት ዝቅ አደረገች፣ ግማሽ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ አለች፣ ከዚያም በግራ በኩል ሐጅን ዞራ በቀስታ አለፈች።

«ቁሚ እንጂ!» እያሉ ውስጥ ያሉት አራት ተሳፋሪዎች ግድግዳዋን ደበደቡ። አልቆመችም። ከመካከላቸው ቀልጠፍ ያለው አንዱ ሲያልፍ እጁን ዘርግቶ ከትሪው እፍኝ ሙሉ ዘገነ። ሁለተኛዋ ራክሻ መጣች፤ ዝቅ፣ ወደ ኋላ፣ በግራ። ሦስተኛዋም እንዲሁ። አዛን አለ። በዚያ ረዥም ምንጣፍ ላይ ከጎረቤት በቀር አንድም እንግዳ አልነበረም።

«እኔን!» አሉ ሐጅ ኢክሪማ። «እኔን እንደ ጉድጓድ ዞረችኝ!»

ይህን ሁሉ ከማዶው ግንብ ጀርባ ቆሞ ያየ አንድ ሰው ነበር። ጀምበሬ ይባላል። ራክሻዋን ያስተማራት እሱ ነው።

ራክሻዎቹ ሹፌር የላቸውም። የሠራቸው የሐጅ ኢክሪማ ልጅ በሽር ነው። ጀብራ ሰፈር ውስጥ ባለው ወርክሾፑ፣ ከተቃጠሉ መኪኖች በተረፈ ብረት አሥራ ሁለቱን ገጣጠማቸው። ብልሃቱ ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው። የዓባይን ደለል ከፀጉር ከቀጠነ የመዳብ ክር ጋር ያቦካል፣ የሐብሐብ ያህል ያድቦለቡልና በእሳት ይተኩሰዋል። በየራክሻዋ ግንባር ውስጥ የሚገባው ይህ ሸክላ ያስታውሳል። ፕሮግራም የሚጽፍለት የለም። አንድ ሰው አርባ ቀን ከፊት ከፊቱ እየሄደ ይመራዋል፤ ሸክላውም የዚያን ሰው አካሄድ ይቀዳል፤ የት እንደሚቆም፣ ለማን እንደሚያሳልፍ፣ አሮጊት ስትሻገር ምን ያህል እንደሚታገሥ። አንዷ ራክሻ የተማረችውን ሌሎቹ ግንባር ለግንባር ተገጥመው ሲቆሙ ከእሷ ይወስዳሉ። አንዴ የገባውን ግን በቃል ማስተው አይቻልም። ወይ እንደገና በእግር መምራት ነው፣ ወይ ሸክላውን ሰብሮ ከጭቃ መጀመር።

ጀምበሬ የመርሳ ከተማ ልጅ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ። በመተማ በኩል ካርቱም ሲገባ ሐሳቡ ወደ ሰሜን ማለፍ ነበር። እስከዚያው ከሌሎች የቀን ሠራተኞች ጋር ጀብራ አደባባይ ላይ እየቆመ፣ የሚቀጥረው ሰው ክንዱን ጨበጥ አድርጎ ሲለካው አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። በሽር በመጣ ቀን ክንድ አልነካም። ቁጭ ብሎ የሰዉን እግር ሲያይ ቆየና ወደ ጀምበሬ ጠቆመ። «ይሄ ልጅ ማንንም ሳይነካ በሰው መሐል ያልፋል» አለ። «እሱን ነው የምፈልገው።»

አንዷን ራክሻ አርባ ቀን መራት። ግንባሯ ላይ ነጭ ቀለም ፈሶባት ስለነበር ቦራ አላት። ከጀብራ ተነስተው፣ በገበያው አቋርጠው፣ ቡሪን ዞረው ይመለሳሉ። በሃያኛው ቀን ገደማ ዘወር ብሎ ሲያያት፣ ኩሬ ስታገኝ ልክ እንደ እሱ በጠርዙ በኩል ስትጠነቀቅ አገኛት። ጀምበሬ በዕድሜው የሌላ ሰው ዕቃ ብዙ ተሸክሟል። ከእሱ የሆነ ነገር ተሸክሞ የሚሄድ ግን ከቦራ በፊት አላየም። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰሜኑን መንገድ ማንሳት ተወ።

በማግስቱ ጠዋት በሽር ወርክሾፑ ደጃፍ ላይ ጠበቀው። ያልተኛ ሰው ፊት ነበረው።

«ያ ጀምበሬ፣ ተዓል። ና እዚህ ቁጭ በል። አባቴ ትናንት ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? ‹ማሽኖችህ ምንጣፌ ጋ እስኪቆሙ ድረስ አንተም ምንጣፌ ላይ እንዳትቀመጥ።› እኔን! የበኩር ልጃቸውን! ሻይ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነው ጾሜን ያፈጠርኩት።»

«ይቅርታ ባሽሙሃንዲስ» አለ ጀምበሬ። ካርቱም ውስጥ መሐንዲስ እንዲህ ነው የሚጠራው።

«የሰፈሩ ሰው ‹የናቀን ማሽን ቡሪ አይገባም› እያለ ነው። አንዱ ሰፈር ከከለከለ ሌላውም ይከተላል።» በሽር ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ወረቀት አየት አደረገ። የጀምበሬ የኢቃማ ማመልከቻ ነው፤ የመኖሪያና የሥራ ፈቃዱ፤ የዋስ አሠሪው ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። «ስማኝ፤ ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ፣ ካልቆመች ሸክላዋን እሰብራለሁ። ከኦምዱርማን ሌላ መሪ አመጣለሁ። ቂም የለኝም፤ ጎበዝ ሠራተኛ ነህ። ግን ያኔ አንተን ዋስ ሆኜ የማስቀጥርበት ሥራ አይኖረኝም።»

ጀምበሬ እሺ አለ። በሽር ተነስቶ ሄደ።

ከወርክሾፑ ጀርባ በግንብ የታጠረ ግቢ አለ። ጀምበሬና አብሮት የሚኖረው ሻምበል ማደሪያቸው እዚያ ነው። ሻምበል ስሙ ነው እንጂ ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ አምሳ ዓመት የተጠጋው፣ ሲሚንቶ የሚያቦካ፣ ሲናገር ፊቱ የማይስቅ ሰው ነው። ጀምበሬ ቦራን ግቢው ውስጥ አስገባና ሻምበልን መሐል አቆመው።

«እጅህን ዘርጋ።»

ሻምበል ዘረጋ። ቦራ መጣች፤ ሁለት ክንድ ሲቀራት ቀጥ ብላ ቆመች።

«አየህ? ታከብረኛለች» አለ ሻምበል።

«አሁን ትሪውን ያዝና ሐጅ እንደሚሉት በል።»

«ተፈደሉ!»

ቦራ አፍንጫዋን ዝቅ አደረገች፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፣ ሻምበልን በግራ ዞራ አለፈች። ባዶ እጁን ሲቆም ትቆማለች፤ ትሪ ሲይዝ ዞራ ታልፋለች። አምስት ጊዜ ሞከሩት፤ አምስቱንም ጊዜ ያው።

«ዓይኗ ደህና ነው» አለ ሻምበል። «የኔን ምግብ ነው የናቀችው። ወጥ እንደማልችል ማን ነገራት?»

በዚህ መሐል የግቢው በር ተንኳኳና አሚና ገባች። የሐርቡ ሴት፣ የአገራቸው ልጅ ናት፤ ካርቱም አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። ሐጅ ኢክሪማ ቤት የምትሠራው እሷ ናት። እጇ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ሳህን ነበር።

«ሐጃ ሉጥፊያ ናቸው የላኩኝ፤ ለልጃቸው ማታ የሚያፈጥርበት ነው። በድብቅ! አባትየው ቢሰሙ ሁላችንም ኻላስ፣ አለቀልን» አለችና ቦራን አየቻት። «ይቺ ናት ጉደኛዋ? እስቲ ልያት።»

አሳዩዋት። ቦራ ዝቅ፣ ወደ ኋላ፣ በግራ። አሚና ግንባሯን ቋጠር አድርጋ ትንሽ አሰበች።

«እስቲ ድገሙት።»

ደገሙት። አሚና ሳህኑን አስቀመጠችና ጀምበሬን በጣቷ ጠራችው።

«አንተ ልጅ። ይቺን ይዘህ ጠዋት ጠዋት በእኛ ደጅ ስታልፍ፣ ሐጅና ጎረቤቶቻቸው ፉል ከበው ቁርስ ይበሉ አልነበር?»

«ይበሉ ነበር፣ እትዬ አሚና።»

«ተፈደል፣ ና ብላ አይሉህም?»

«ይሉኛል። በየቀኑ ይሉኛል።»

«አንተስ?»

«አመስግኜ አልፋለሁ።»

«እንዴት አድርገህ? በአፍህ አይደለም፤ በእግርህ አሳየኝ። ሻምበል፣ ጥራው!»

«ተፈደል!» አለ ሻምበል ትሪውን አንስቶ።

ጀምበሬ እንደ ለመደው ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። አንገቱን ሰበረ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ በግራ በኩል ዞሮ አለፈ። ቀና ሲል ሻምበል ትሪውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ከኋላው ያለውን ያያል። ዘወር አለ። ቦራ እንደ እሱ ዝቅ ብላ፣ ወደ ኋላ ብላ፣ በግራ ዞራ፣ ተረከዙ ሥር ቆማለች።

አሚና ግድግዳውን ተደግፋ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች።

«ያ ሰላም! ይሉኝታ! አርባ ቀን ሙሉ ይሉኝታ ነው ያስተማርካት! የዓባይ ጭቃ ይሉኝታ ያዘው!»

ጀምበሬ ጆሮው ድረስ ቀላ። እናቱ ቤት የመጀመሪያው «እንብላ» ሰላምታ ነው፤ ሁለተኛው ወግ ነው፤ እጅ የሚታጠበው በሦስተኛው፣ «በሞቴ» ሲባል ብቻ ነው። በመጀመሪያው ጥሪ የተቀመጠ ሰው ሳምንት ሙሉ ይወራበታል። የቡሪ ሰዎች ግን በመጀመሪያው ጥሪያቸው ከልባቸው ነው የሚጠሩት፤ ሁለተኛውን ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ እሱ ማዕዘኑን ዞሯል። ርቦት እንኳን ዞሯል። ብዙ ቀን ርቦት ነበር።

«እንግዲህ መልሰህ ምራት» አለች አሚና ዓይኗን እየጠረገች። «ሲጠሩህ ቁጭ በል፣ ብላ። ታያለች፣ ትማራለች።»

«ዛሬ? በረመዳን በቀን ማን ይጠራኛል? አገሩ እኮ ጾሟል።»

ይህን ሦስቱም አላሰቡትም ነበር። ከመግሪብ በፊት ካርቱም ውስጥ አንድ የተከፈተ ማዕድ የለም፤ መግሪብ ሲደርስ ደግሞ ለትምህርት ጊዜ የለም።

ሻምበል ጉሮሮውን ጠረገ። «እኛ አለን አይደል? ሁዳዴ ቢሆንም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንበላለን። ለጾመኛ ሰው ክብር ብለን ግንብ ውስጥ ተደብቀን ነው እንጂ። ንፍሮ አለ፣ ዳቦ አለ፣ ፉልም አልጠፋም።»

«ወጥ ብቻ እንዳትሠራ» አለች አሚና።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ሰሌን ተነጠፈ። ጀምበሬ ቦራን አስከትሎ ከበሩ ተነሳ። ሻምበል ትሪውን ከፍ አደረገ።

«ተፈደል!»

ጀምበሬ ሊቀመጥ ቆርጦ ነበር። እጁ ግን ሳያዘው ደረቱ ላይ ወጣ፤ እግሩም ወደ ኋላ አለ።

«እግርህን ልቁረጠው?» ጮኸች አሚና የቢራ ሣጥን የሚመስል ፕላስቲክ ላይ ተቀምጣ። «እንደገና!»

በሁለተኛው እጁን ኪሱ ከተተና አንገቱ ከዳው። በሦስተኛው እጁም አንገቱም ታዘዙት፤ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ደርሶ «ትንሽ ቆይቼ» አለ። ሻምበል ትሪውን ሊወረውርበት ምንም አልቀረው። በሰባተኛው ተቀመጠ። ሁሉም ወደ ቦራ ዞሩ። ቦራ ጀምበሬን ከኋላው አየችው፣ አፍንጫዋን ዝቅ አደረገች፣ ወደ ኋላ አለች።

«ተቀምጫለሁ እኮ!» አለ ጀምበሬ።

«አልተቀመጥክም» አለች አሚና። «ተረከዝህን እየው።»

እውነቷን ነበር። ሸክላው የሚቀዳው ቃል አይደለም፤ ክብደት ነው። ተማምኖ የተቀመጠ ሰው ክብደቱን ሁሉ መሬት ላይ ይጥላል፤ ለይምሰል የተቀመጠ ግን ግማሹን ተረከዙ ላይ ያስቀራል፣ ቶሎ ለመነሳት። ጀምበሬ ትንፋሹን ለቀቀና መሬቱ ላይ ተዘረፈጠ። አንድ እፍኝ ንፍሮ ወደ አፉ ከተተ፣ አኘከ፣ ዋጠ። ከኋላው ድምፅ ሰማ። ቦራ ሽማግሌ ሲሳፈርባት እንደምታደርገው የፊት እግሯን አጥፋ ሰሌኑ ዳር ላይ ተንበርክካለች።

ሻምበል እልል አለ። ወንድ እልል አይልም የሚል ሰው እዚያ አልነበረም።

«አንዴ አይበቃም» አለች አሚና። «ያላ፣ ተነስ! እንደገና!»

ተነሳ። ተጠራ። ተቀመጠ። በላ። ንፍሮው አለቀና ዳቦ መጣ፤ ዳቦው አለቀና ፉል መጣ። በሃያኛው ጥሪ ጀምበሬ ገና ትሪው ሲነሳ እግሩ በራሱ ወደ ሰሌኑ ይሄድ ነበር። በሃያ ስድስተኛው ሆዱን ይዞ ቆመ።

«ጠገብኩ፣ እትዬ አሚና።»

«እኔ ውኃ ሳልቀምስ ስትበላ እያየሁ፣ አንተ ጠገብኩ ትለኛለህ? ደሞ ‹ጠገብኩ› ማለትን እንዳታስተምራት! ብላ!»

በላ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሥራ ሁለቱን ራክሻዎች ግንባር ለግንባር ገጥመው ግማሽ ሰዓት አቆሟቸው። የሚበቃ ይሁን አይሁን በሽርም አያውቅም ነበር። ከዚያ ወደ ገበያው ሄደው ሰው ጫኑ።

ቡሪ ውስጥ ወሬው ተሰምቶ የመንገዱ ዳርና ዳር በሰው ተሞልቷል። በየደጁ ምንጣፍ ተነጥፏል። በሽር ከአባቱ ምንጣፍ ራቅ ብሎ ምሰሶው ሥር ቆመ፤ በድብቅ የተላከለት ሳህን በእጁ ነው። ጀምበሬ እንደ ትናንቱ ከማዶው ግንብ ጀርባ ተጠጋ። ሐጅ ኢክሪማ ትሪያቸውን ይዘው ወጡ፤ ዛሬ ግን መሐል መንገድ አልገቡም። ትናንት ሰፈሩ ሁሉ እያየ ታልፈዋል። ዳር ላይ ቆመው ጠበቁ።

ቦራ ከማዕዘኑ ብቅ አለች። አራት ሰው ይዛለች፤ ሁለቱ ተምር በእጃቸው ይዘው አዛን የሚጠብቁ ናቸው።

«ተፈደሉ» አሉ ሐጅ። አንዴ። ቀስ ብለው።

ቦራ ፍጥነቷን ቀነሰች። አፍንጫዋን ዝቅ አደረገች። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። በመንገዱ ዳር የተቀመጠው ሰው ሁሉ «አይ!» አለ በአንድ ድምፅ።

ግን ወደ ግራ አልዞረችም። እዚያው ቆመች። ወደ ፊት ጥቂት አለች፣ ተመለሰች፤ እንደገና ወደ ፊት፣ እንደገና ተመለሰች።

«በቃኝ» አሉ ሐጅ ኢክሪማ ትሪያቸውን ዝቅ አድርገው። «ማሽን ለምኜ አላውቅም። ሁለቴ የምጠራው ሰው የሆነውን ነው።» ጀርባቸውን ሰጧት።

የቦራ የፊት ጎማ ቀስ ብሎ ወደ ግራ መታጠፍ ጀመረ።

ጀምበሬ ያ መታጠፍ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቀዋል። አለመፈለግ አይደለም። ሁለተኛው ጥሪ እስኪመጣ ቆማ ነበር፤ አልመጣም፤ እንግዲህ መሄድ ነው። ስንት ጠዋት እንዲሁ ሄዷል። ከግንቡ ጀርባ ሆኖ ምሰሶው ሥር ያለውን በሽርን አየ። ከዚያ የቡሪ ሰው ሁሉ የሚያይበትን ያንን ሰፊ ባዶ መንገድ አየ። ማንንም ሳይነካ የሚያልፍበት ጠርዝ አልነበረውም። መሐሉን ረግጦ ወጣ።

«ያ ሐጅ!» ድምፁ ከጠበቀው በላይ ወጣ። «ይድገሙላት!»

ሐጅ ዞሩ። «ማነው?»

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት።» ዐረብኛው እየተሰባበረ መጣለት። «አልናቀችዎትም። እኛ አገር በመጀመሪያው ጥሪ አይቀመጡም፣ ነውር ነው። ከእኔ ነው የያዘችው። እሷን መለመን ከከበደዎት እኔን ይጥሩኝ። እኔ ከተቀመጥኩ ትቀመጣለች።»

ሐጅ ኢክሪማ ቀረብ ብለው ፊቱን አዩት፤ ከዚያ እግሩን አዩት።

«ቆይ፣ ቆይ። አንተ ያ ሐበሻ አይደለህም? አርባ ቀን ፉሌን ዞረህ ያለፍክ! እኔ ‹ይህ ልጅ ምን በደልነው› እያልኩ ነበር እኮ! አንድ ቀን ሳልጠራህ አልፌህ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«በል ስማ!» ትሪው ከፍ አለ፤ ድምፃቸውም ትናንት ከመታለፋቸው በፊት ወደነበረበት ተመለሰ። «አሁን ካልተቀመጥክ ሐጃ ሉጥፊያ ከእኔ የተፈታች ትሁን!»

«ኢክሪማ!» የሚል ጩኸት ከመስኮቱ መጣ። «አርባ ስምንት ዓመት በእኔ ነው እንግዳ የምትጠራው! አንድ ቀን አንዱ እምቢ ብሎህ ትገላገላለህ!»

ሐጃ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ጀምበሬ ምንጣፉ ላይ ነበር። ተረከዙ ላይ ምንም አላስቀረም። እፍኝ በሊላ ዘገነና አፉ ውስጥ ከተተው፤ ልክ ያን ጊዜ አዛን አለ።

ከኋላው ያ የሚያውቀው ድምፅ ተሰማ። ቦራ የፊት እግሯን አጥፋ ተንበረከከች፤ በሮቿ ተከፈቱ። አራቱ ተሳፋሪዎች ምንጣፉ ላይ ተንደረደሩ። ሁለተኛዋ ራክሻ መጣች፤ ቦራን አየች፣ ከጎኗ ተንበረከከች። ሦስተኛዋ። አራተኛዋ። የገበያ ሴቶች ከነዘንቢላቸው፣ ሁለት ወታደሮች፣ አንድ ዶሮ የታቀፈ ሰው ወረዱ። አሥራ ሁለቱም ተደርድረው ሲንበረከኩ የቡሪ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ተዘጋ፤ ከኋላቸው የመጣ ሹፌር ያለው አውቶቡስም መሄጃ አጥቶ ቆመ፤ ተሳፋሪዎቹ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ወረዱ።

ሐጅ ኢክሪማ ትሪ ይዘው ይሮጣሉ። በዚያ ዕድሜያቸው ይሮጣሉ። «ሳህን! አሚና፣ ሳህን! ከጎረቤት አምጪ!»

«ጎረቤትም እዚህ ነው የተቀመጠው፣ ያ ሐጅ!» አሚና አንድ ተምር ጉንጯ ውስጥ ይዛ ትጮኻለች። በዚያ ሁሉ ግርግር ሥጋ ያለበትን ወጥ ከጀምበሬ ፊት አንስታ በሊላና ዳቦ ማስጠጋቱን አልረሳችም። «ሁዳዴ ላይ ነው» አለቻቸው።

«እሱም ጾመኛ ነው?» ሐጅ ዓይናቸው በራ። «እንግዲያው እጥፍ ይብላ!»

ከዚያ ቀና ሲሉ ልጃቸውን ምሰሶው ሥር፣ ሳህኑን እንደያዘ አዩት።

«አንተስ ምን ትገተራለህ? ሦስት ጊዜ ልጥራህ? አንተም ሐበሻ ሆንክ?»

በሽር መጣና ከጀምበሬ ጎን ተቀመጠ። ሐጅ እጁ ላይ ያለውን ሳህን አዩ፣ የቤታቸውን ሳህን አወቁት፣ ወደ መስኮቱ አየት አደረጉና ትሪውን ወደ እሱ ገፉት። በሽር በሊላውን እየዘገነ በላ።

«ነገ ሁለት ፎቶ ይዘህ ና» አለ በመጨረሻ፣ አፉ ሞልቶ። «ለኢቃማው። ዛሬ ማታ እፈርማለሁ። ሸክላዋን ደግሞ ማንም እንዳይነካብኝ።»

ጀምበሬ አፉ እንደሞላ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ሐጅ ኢክሪማ አንድ እፍኝ ሲያስጠጉ ይበላል፤ ቀጥሎ ሲያስጠጉ ይበላል። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሲበላ የዋለ መሆኑን ለማን ይናገራል? እምቢ ማለት አይችልም፤ ቦራ ከኋላው ሆና እያየች ነው። አሚና ይህን አውቃ፣ ከማዶ ሆና በሳቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

በዚህ መሐል ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው ተነስቶ ቆመ። የሐጅ ኢክሪማ ጎረቤት አብዱልሰላም ነው። የእሱ ምንጣፍ ላይ አንድ እንግዳ አልነበረም።

«ያ ሐጅ! ይህ ዝርፊያ ነው!» አለ። «አሥራ ሁለት ራክሻና አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ለአንድ ምንጣፍ? እኛስ? የእኛ ወጥ ውሻ ይብላው?»

«እንግዳ በጥሪ ነው!» ጮኹ ሐጅ። «ከቻልክ ጥራ!»

አብዱልሰላም ድስቱን በሁለት እጁ አነሳ፣ መንገዱን አሻግሮ ተመለከተ፤ ዓይኑ ያረፈው ግን ተሳፋሪዎቹ ላይ አልነበረም።

«ያ ሐበሻ! ተፈደል!»

ሐጅ ኢክሪማ ጀምበሬን ትከሻውን ይዘው ነበር፤ ቀስ ብለው ለቀቁት። ጀምበሬ ሆዱን በእጁ ደገፈ፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ተነፈሰ።

«እሺ» አለና ተነሳ።

ቦራ አብራው ተነሳች።